«ይረሳኛል እንዴ?» ላለችኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈራችን ልጅ ቤቴ መጣች። ሁለተኛዋን አርግዛ ሰባት ወሯ ነው። ትልቁ ልጇ ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። እጇን ይዞ ገባና ቀጥታ ሶፋዬ ላይ ወጣ። ቡና እያፈላሁ ስለ እግሯ እብጠት፣ ስለ ቃሯ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣቷ አወራን። አዋላጅ ነርስ ነበርኩ፤ እነዚህን ከሠላሳ ዓመት በላይ ስመልሳቸው ኖሬያለሁ። ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች። «እትዬ፣ ይሄን ልጅ እስክወልድ እናቴ ጋ ልልከው ነው። ከአራስ ቤት ስወጣ አመጣዋለሁ። ሦስት ወር ቢሆን ነው። ይረሳኛል እንዴ?»

«አይረሳሽም» አልኳት። ሳላስብ ነው ያልኩት። ከሄደች በኋላ ሲኒውን እንኳን ሳላነሳ ተቀመጥኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ግን እንደ እሷ አንዱን አዝላችሁ ሌላውን በሆዳችሁ ለያዛችሁ ሁሉ ይድረሳችሁ።

በ1979 ዓ.ም. እኔም ሁለተኛዬን አርግዤ ነበር። ትልቋ ልጄ ገና አንድ ዓመት ከአሥር ወሯ ነው። አፏን ፈታለች፣ ሁለት ሦስት ቃል ትገጣጥማለች፣ ቀኑን ሙሉ ቀሚሴን ይዛ ከኋላ ከኋላዬ ትላለች። ባለቤቴ ለሥራ አሰብ ተመድቧል። ደብዳቤ ይጽፍልኛል፤ ስለ ሙቀቱ፣ ውጭ ስለሚተኙት ሰዎች፣ ስለ መርከቦቹ። አንድ ጊዜ በሰው እጅ ሁለት አንሶላ ልኮልኝ ነበር፣ አሁንም አንደኛው አለኝ። እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ። የምታግዘኝ ልጅ እናቷ ታማባት አገሯ ገብታለች። ጠዋት ከሥራ ስመለስ ጎረቤት ያደረችውን ልጄን እወስዳለሁ። ጋደም ስል ደረቴ ላይ ትወጣለች። ገና ትጠባ ነበር።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። አየችኝ፣ ከንፈሯን መጠጠች። «የእርጉዝ ወተት ልጅ ያከሳል። ጡቱን አስጥዪያትና እኔ ልውሰዳት» አለች። እኔ ነርስ ነኝ፣ እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ደክሞኝ ስለነበር እናቴ ያለችውን ሁሉ እሺ አልኩ። እሬት ቀባሁ። ልጄ መጥታ ቀመሰችና አፏን አጣመመች። አለቀሰች ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ አየችኝ። «ኡፋ?» አለችኝ። ከዚያ ጡቴን እፍ፣ እፍ አለችልኝ። የታመምኩ መስሏት ነው።

እዚህ ላይ ለነፍሰ ጡሮች አንድ ነገር ልበል። እርግዝናው ጤነኛ ከሆነ ትልቁን ልጅ ማጥባት ማቆም ግዴታ አይደለም። ወተቱ ከወር ወር ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል፤ ብዙ ልጆች በዚህ የተነሳ ራሳቸው ይተዉታል። ወደ መጨረሻው ወደ እንገር ይለወጣል። ስትወልዱ ግን ቀድሞ መጥባት ያለበት ጨቅላው ነው። ከዚህ በፊት ያለ ወሩ የተወለደ ልጅ ካላችሁ፣ ደም ካያችሁ፣ ወይም መንታ ከሆነ ግን ክትትል የምታደርጉበት ቦታ ሄዳችሁ ጠይቁ። ማስጣል ከፈለጋችሁም ቀስ እያላችሁ፣ አንዱን ሰዓት ዛሬ ሌላውን ሰዓት ከሳምንት በኋላ እየተዋችሁ አስጥሉ። እሬት ግን እባካችሁ ይቅር።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ይዛት ሄደች። ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ ልጄ እንደተኛች በጋቢ ጠቅልላ አዘለቻት። «አትቀስቅሻት፣ ካየችሽ ታለቅሳለች» አለችኝ። አልቀሰቀስኳትም። አልሳምኳትምም፣ እንዳትነቃ ብዬ። በሩ ላይ ቆሜ በጨለማው ወደ አውቶብስ ተራ ሲወርዱ አየሁ። ከዚያ ገብቼ ተኛሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በደንብ ተኛሁ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያ እንቅልፌ ነበር። ስነሳ አልጋው ሥር አንድ ኮንጎ ጫማዋ ቀርቷል። አንደኛው እግሯ ላይ ሄዷል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ጠዋት ሄዳችሁ ከሰዓት ትመለሳላችሁ። ያኔም አውቶብስ ነበር። ግን ሆዴ ገፍቷል፣ ተረኛ ነኝ፣ ዛሬ ነገ ስል አንድ ቀን እንኳን ሳልሄድ ወለድኩ። አንድ ጊዜ በቴሌ ቀጠሮ ይዘን ደወልኩ። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። «የኔ ቆንጆ» አልኳት። እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ ልጄ ድምፄን ስትሰማ እጀታውን አገላብጣ ከኋላው ፈለገችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ማታ እራት አልበላችም።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። ማርያም ማረችኝ፣ በሰላም ተገላገልኩ። ክርስትናው በ40 ቀኑ ነበርና እናቴ ልጄን ይዛ የመጣችው ለዚያ ቀን ነው። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፣ ጠላው ተጠምቋል። በር ላይ ጋቢዋ ውስጥ ሆና ብቅ ስትል እየሮጥኩ ሄድኩ፣ እጄን ዘረጋሁ። ልጄ ፊቷን እናቴ አንገት ሥር ደበቀች። «ነይ፣ እማ ናት እኮ» አለቻት እናቴ። አንድ ዓይኗን አውጥታ አየችኝ። «እትዬ» አለች። የጎረቤት ልጆች እንደሚጠሩኝ። ከዚያ ለእናቴ «እማዬ፣ እንሂድ» አለቻት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። «ረሳችሽ!» እያሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ወደ ጓዳ ገባሁ።

የእናቴ ቤት ጎድቷት አልነበረም። ወፍራ፣ ጉንጯ በብርዱ ቀልቶ፣ በሰላም ነው የመጣችው። እርጎ ስትጠጣ፣ የቆሎ ዱቄት በቅቤ ስትበላ ከርማለች። ነርስነት ስማር ክዋሺዮርኮር የሚባለውን በሽታ ተምረን ነበር። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉ ሐኪም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዛሬዋ ጋና ውስጥ ሲሠሩ ከአካባቢው ከጋ ቋንቋ የወሰዱት ቃል ነው። ሌላ ልጅ ሲመጣ ከእናቱ የተነሳውን ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። እኛ ለፈተና ያጠናነው ስለ ፕሮቲን፣ ስለ እብጠት፣ ስለ ፀጉር መቅላት ነበር። «ከእናቱ የተነሳው» የሚለው ከዚያ ወዲህ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። የኔ ልጅ ምግብ አልጎደለባትም። ግን ተነስታለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን እስካሁን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ከክርስትናው በሦስተኛው ቀን እናቴ ወደ አገሯ መመለስ ነበረባት። እና ምን አደረግን? ንጋት ላይ፣ ልጄ ተኝታ ሳለ፣ እናቴ ቀስ ብላ ወጣች። ያንኑ! እንዳታለቅስ ብለን። ስትነቃ ቤቱን ዞረች። አልጋውን፣ ጓዳውን፣ ከመጋረጃው ኋላ። ከዚያ በሩ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ለሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት እዚያው በር ላይ እየሄደች ትቀመጥ ነበር። በአራተኛው ቀን መጥታ ቀሚሴን ያዘች። ሰባት ዓመት እስኪሞላት ያለ እኔ አልተኛችም። ሽንት ቤት ስገባ በሩ ላይ ትቆማለች። ማታ ማታ ቀሚሴን በእጇ ጠቅልላ ነው የምትተኛው፤ ተነስቼ ብሄድ እንድትነቃ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ስልጠና ላይ በለንደን ይሠሩ ስለነበሩት ጆን ቦልቢና ጄምስ ሮበርትሰን አስተማሩን። ከእናታቸው ተለይተው ሆስፒታል የሚተኙ ትንንሽ ልጆችን ተከታትለዋል። ልጁ መጀመሪያ ይቃወማል፣ ያለቅሳል። ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል። በመጨረሻ ዝም ይላል፣ ሰው «ለመደ» ይለዋል። እናቱ ስትመጣ ግን ፊቱን ያዞራል። ይህን ስሰማ ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። እስከዚያን ቀን ድረስ በእርግዝና ክትትል ክፍል ስንቱን እናት «ትልቁን አያቱ ጋ ላኪው፣ ትረፊ» ብዬ መክሬያለሁ። ደጋግሜ። ራሴ ያየሁትን እያወቅኩ።

ስለዚህ ለዚያች ልጅ መልሴ ይህ ነው። አይረሳሽም ያልኩሽ ልክ ነው። ግን አውቆ እንደማያውቅሽ ሊሆን ይችላል፣ ከመርሳት ያ ይብሳል።

አትላኩ አልልም። እውነት ለመናገር አትላኩ ልል ነው የጀመርኩት፣ አሁን ስጽፈው ግን ሰው እንዴት እንደሚኖር አውቃለሁ። ብቻዋን የምታሳድግ አለች። ልጇን ለእናቷ ትታ ዱባይና ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህቴ ይህን ብታነብ እንድታዝንብኝ አልፈልግም፤ እሷ የሄደችው ለልጇ ነው። አያት ቤትም በረከት ነው። ልጄ እስከ ዛሬ የምትወደውን የምስር ወጥ እናቴ ናት ያስለመደቻት። ከተቻለ አያትየዋ ትምጣ። አሜሪካ ያሉት እናታቸውን በአውሮፕላን ያስመጡ የለ? ካልተቻለ ግን ልጁ ነቅቶ፣ እያየ ይሂድ። «አያትህ ጋ ልትሄድ ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ እመጣለሁ» በሉት። ያለቅስ። ማልቀሱ ደህና ነው። የሁለት ዓመት ልጅ «ሦስት ወር» አይገባውም፣ ደህና ሁን ግን ይገባዋል። የለበሳችሁትን ነጠላ አብራችሁ ላኩ። በየቀኑ ደውሉ፤ ዛሬ ፊታችሁን ያያል፣ እኛ ያ አልነበረንም።

የዘንድሮ ልጆች ስለ እርግዝና ብዙ ታነባላችሁ። ይህ ደስ ይለኛል። እኛ ሳንጠይቅ ነው የወለድነው። ግን የሚወለደው ወንድ ይሁን ሴት ለማሳወቅ አዳራሽ ተከራይታችሁ ሰማያዊና ሮዝ ፊኛ ስታፈነዱ ትልቁ ልጅ ከጠረጴዛ ሥር ጆሮውን ይዞ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም አላየውም፣ ሁሉም ቪዲዮ እየቀረጸ ነበር። አንዳንዴ እንዲህ ያለው ያናድደኛል። ስልክ መስጠቱም እንዲሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሁለት ዓመት ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ ይላል። ግን ማስታወክ የያዛት እናት ሃያ ደቂቃ ስልክ ብትሰጥ አልፈርድባትም። ያኔ ስልክ ቢኖረኝ እኔም እሰጥ ነበር።

አባቶች በጣም ተሻሽላችኋል። የኔ ባለቤት ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን ልጅ አጥቦ አያውቅም። ዛሬ ገላ የምታጥቡ፣ አዝላችሁ ሱቅ የምትሄዱ አያለሁ፣ ተባረኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ምንም አይደለም። ያችኑ ሦስት ቀን እንግዳ ስትቀበሉ አትጨርሷት። ትልቁን ልጅ ያዙ። እናቱ ጨቅላ ስታቅፍ የሚያቅፈው ሰው ይፈልጋል።

አራስ ጥየቃ የሚመጣ ሰው ደግሞ በሩ ላይ ይጠንቀቅ። «እንግዲህ አንተ ወረድክ፣ ንጉሡ መጣ» እያሉ ልጁን መቀለጃ ማድረግ ልማድ ሆኗል። ልጁ እኮ ይሰማል። መጀመሪያ እሱን ሰላም በሉ፣ «ወንድምህን ታሳየኛለህ?» በሉት። ተመልሶ ሱሪው ላይ ቢሸና፣ አጉርሱኝ ቢል፣ እንደ ሕፃን ቢያለቅስ አትቆጡት። ዳይፐር ማስጣሉን፣ አልጋ መለየቱን በወለዳችሁበት ወር አትጀምሩት። ማቀፉንም አትከልክሉት፤ ጤነኛ እርጉዝ ልጇን ብታነሳ ነውር የለውም፣ ጉልበቷን አጥፋ ታንሳው እንጂ ወገቧን አታጉብጥ። ወይም ትቀመጥና እሱ ይምጣ።

ልጄ አሁን ራሷ የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለፈው እሑድ ስለዚያ ጊዜ ጠየቅኳት። ምንም አታስታውስም። «የአያቴ ጋቢ የጭስ ሽታ ነበረው» አለችኝ፣ ሌላ የለም። ሁለተኛዋን ስትወልድ ግን ትልቁን ወደ እኔ ቤት አልላከችውም። እኔን ነው የወሰደችኝ። ያኔ ምክንያቱን አልጠየቅኳትም።

እኔ ቤት በመጣች በማግስቱ የዚያችን ልጅ ቤት አንኳኳሁ። ለእናቷ እንድትደውልላትና እንድትመጣ እንድትለምናት ነገርኳት። እናቷ ዘግይታ ነው የምትደርሰው፣ እስከዚያ ያሉትን ሳምንታት እኔ እይዝላታለሁ ብያለሁ። ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ። ትልቁ ልጅ ከአሁኑ ለምዶኛል። ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ ስሙን ጠርቼ «ልሄድ ነው» እለዋለሁ። እጁን ያወዛውዝልኛል፣ አንዳንዴ ያለቅሳል። ቆሜ አባብለዋለሁ፣ ከዚያ እሄዳለሁ።