የብራናውን ጀርባ ተመልከቱ

ለሥነ ጥበብ ተማሪዎች፦

ከእናንተ አንዷ «የህዳሴ ዘመን ሠዓሊዎች በመጽሐፍ ላይ የሣሉት በእንጨት ላይ ከመሣላቸው በፊት ለመለማመድ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ የብራና ሥዕልን እንደ እንጨት ሥዕል ታናሽ ወንድም እንድናይ ካደረጉን ነገሮች አንዱ መቀስ ነውና።

በናፖሊዮን ዘመን የጣሊያን ገዳማት ሲዘጉ ትልልቆቹ የዜማ መጻሕፍት ባለቤት አጡ። ነጋዴዎች ሥዕሉን ከገጹ ቆርጠው፣ ካርቶን ላይ ለጥፈው፣ በፍሬም ሸጡት። ሉዊጂ ቼሎቲ የተባለ ቄስ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1825 በክሪስቲስ የጨረታ ቤት ባቀረበው ጨረታ በቫቲካን ካለው የሲስቲና ጸሎት ቤት መጻሕፍት የተቆረጡም ነበሩበት። ፍሎረንስ ያለው የሳንታ ማሪያ ዴሊ አንጀሊ ገዳም መጻሕፍት ቁራጮችም በየአገሩ ተበትነዋል። ሎሬንዞ ሞናኮ የዚያው ገዳም መነኩሴ ነበር፤ ብራናም እንጨትም ይሥል ነበር። ሌላው መነኩሴ ሠዓሊ ፍራ አንጀሊኮም ሁለቱንም ይሥል ነበር።

ስለዚህ ቁራጭ ስታዩ ስለ ጀርባው ጠይቁ። እዚያ የቀረው የዜማ መስመርና ጥቂት ቃል በየትኛው በዓል ይዘመር እንደነበር ይጠቁማል፤ ተመራማሪዎች የተበተነውን የሚያገጣጥሙት በዚህ ነው። የተለጠፈው ግን ምስክሩ ታፍኗል። በዚያ ላይ ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ካርቶኑ አብሮት ስለማይሄድ ቀለሙ ተሰንጥቆ ይረግፋል።

የእንጨትና የብራና ሥዕል ሙያው ራሱ ይለያያል። ሠዓሊው ቼኒኖ ቼኒኒ እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ በጻፈው መመሪያ፣ እንጨቱ ሙጫ፣ ጨርቅና ወፍራም ጀሶ ከለበሰ በኋላ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ቀጭን ጀሶ ይቀባል፤ በላዩ ቀይ አፈርና ወርቅ ይከተላል፤ ቀለሙ በእንቁላል አስኳል ይለወሳል። ይህን ሁሉ ብራና ላይ ብትጭኑት ገጹ ሲገለጥ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ቀለሙ በተመታ የእንቁላል ነጭ ወይም በግራር ሙጫ ይያዛል። ከፍ ብሎ ለሚታየው ወርቅ ቀጭን ጀሶ፣ ከሲሶው የማይበልጥ የእርሳስ ነጭና ከዚያም ያነሰ ስኳር ይደባለቃል። ስኳሩ እርጥበት ይስባል፤ ሠዓሊው በትንፋሹ ሲያሞቀው ወርቁ ይይዛል። ስኳሩ ሲበዛ ይጣበቃል እንጂ አይወለወልም፤ ሲያንስ ወርቁ ይላቀቃል።

የዘመኑን ሰማያዊ ቀለም ለማየት መጽሐፍ ይሻላል። ተዘግቶ ስለኖረ ብርሃን አልጎዳውም፤ እያደር ቢጫ የሚሆን ቫርኒሽም የለበትም። ከመዳብ የሚሠራው አረንጓዴ ግን ብራናውን ይበላል።

የዛሬ ልጆች በስልክ አስፍታችሁ መፍረድ ትወዳላችሁ፤ መዳፍ የምታክል ገጽና የግድግዳ ሥዕል እኩል ይሆኑባችኋል። ያም ሆኖ ቤተ መጻሕፍት ዋናውን ለሁሉም ስለማይከፍቱ ስልኩን አትተዉ፤ መጠኑን በሴንቲሜትር አንብቡ። ከመጽሐፍ ሠዓሊው ከጂሮላሞ ዳ ክሬሞና ጀምሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1483 ቬኒስ በታተመው የአርስቶትል መጽሐፍ ላይ ጽሑፉን በተቀደደ ብራና ላይ ያለ አስመስሎ ሥሎታል፤ ከኋላውም ሕንፃ ይታያል። መጽሐፉ የታተመ ቢሆንም ሥዕሉ የእጅ መሆኑን ልብ በሉ።