ነፋስ ጣሪያ ከገነጠለ በኋላ፦ መኪናው እስኪመጣ ምን እንሥራ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከትናንት ወዲያ ማታ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ እዚህ ጅማ፣ ቆቺ ሰፈር ውስጥ የብዙ ቤት ጣሪያ ገንጥሏል፣ ዛፍ መንገድ ላይ ወድቋል፣ ፍርስራሹም እንዳለ ነው። «ከተማው መኪና እስኪልክ እንጠብቅ ወይስ ወጣቱን አስተባብረን እኛው እናንሳ? አሜሪካ ሃሪኬን ሲመታቸው ከተማው አይደል እንዴ የሚያነሳላቸው?» ነው ያልሽው። በቅድሚያ እንኳን ሰው ተረፈ። ጣሪያ ይመለሳል።

አጭሩ መልሴ ይሄ ነው። ከባዱን ነገር ለማንሳት መኪናውን ጠብቁ። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ግን የእናንተ የሆነ ሥራ አለ። እሱ ካልተሠራ መኪናው መጥቶም ጉዳቱ ይብሳል። ይህን የምለው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው።

ለ12 ዓመት ገልባጭና ሎደር ከሚያከራይ ተቋራጭ ዘንድ ፎርማን ነበርኩ። ጅማ ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ሰማዩ አይታመንም። ዛፍ ወደቀ፣ ግንብ ተደረመሰ፣ ቱቦ ተደፈነ እየተባለ ብዙ ሌሊት ተጠርተናል። አሁን ያን ሥራ ትቼ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ከሎደሩም በኩል፣ ከነዋሪውም በኩል አይቼዋለሁ።

የአሜሪካውን ስላነሳሽ ትንሽ ልበል። ታናሽ እህቴ ፍሎሪዳ ነው የምትኖረው፣ ፎርት ማየርስ አካባቢ። መስከረም 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢያን የተባለው ሃሪኬን እዚያው አጠገባቸው ነው ከባሕር የወጣው። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሃሪኬን ለመባል በሰዓት 119 ይበቃል። ጉልበቱንም የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነው፣ ስለዚህ ጅማ ድረስ አይመጣም። የእኛው ከጥቁር ደመና ውስጥ የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር ነው። ቁልቁል መጥቶ መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይበተናል። አንዱን ሰፈር አራቁቶ ቀጣዩን ሳይነካ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ግማሽ ሰዓት አይቆይም፣ ግን ጣሪያ ለመገንጠል ይበቃዋል።

እና እህቴ እንደነገረችኝ፣ እዚያም ከተማው ዝም ብሎ ግቢ ድረስ መጥቶ አላነሳላቸውም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ፍርስራሹን ራሱ ተሸክሞ መንገድ ዳር አወጣ። ያውም ለይቶ። ቅርንጫፍ ለብቻ፣ የፈረሰ ግድግዳና ጣሪያ ለብቻ፣ ፍሪጅና ምድጃ ለብቻ፣ ቀለምና ኬሚካል ለብቻ። የተቀላቀለ ክምር ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። የሚጭኑት መኪኖች አስቀድመው ተለክተው ቁጥር ተለጥፎባቸዋል። ማራገፊያው ላይ አንድ ሰው ከፍ ካለ ማማ ሆኖ ወደ መኪናው ውስጥ ያያል። ምን ያህል እንደሞላ ገምቶ ወረቀት ይጽፋል። ለምን ቢባል፣ ከወጪው ቢያንስ 75 በመቶውን የፌዴራል መንግሥቱ ለከተማው ይመልሳል፣ ግን ሰነድ ሲኖር ብቻ ነው። ወረቀት ከሌለ ብር የለም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ማንሳቱ ወራት ፈጅቷል።

ከእነሱ የምንወስደው ሁለት ነገር ነው፣ መለየትና መመዝገብ። አንድ ነገር ግን በጣም ይለያየናል። እዚያ መንገድ ዳር የወጣው ሁሉ ተጥሏል ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ወድቆ የምታይው ቆርቆሮ የሰው ሀብት ነው። የወደቀው አጠና ነገ ተመልሶ ይቆማል። የፈረሰው ጭቃ እንኳ ጭድ ተጨምሮበት እንደገና ይረገጣል። ይህን ያልገባው ሰው ሊያጸዳ መጥቶ ድሃ ዘርፎ ይሄዳል።

እኔ አድርጌዋለሁ። ከስንት ዓመት በፊት ነው፣ እንደ እናንተው ነፋስ መትቶ ነበር። ሎደርና ሁለት ገልባጭ ይዤ ደረስኩ። «መንገዱን እስከ ማታ ክፈት» ነው የተባልኩት። ከአንድ ግቢ በር ላይ የቆርቆሮ ክምር አየሁ። ጭቃ ለብሷል፣ ቅርንጫፍ ወድቆበታል። ለኦፕሬተሩ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፣ አፈሰው። ከሰዓት በኋላ ባለቤቷ መጡ። ልጃቸው ቤት አድረው ነው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ባዶውን ቦታ ቆመው አዩት። «ቆርቆሮዬስ?» አሉኝ። «ተነስቷል እማማ» አልኩ። «የት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለካ ጎረቤት ሰብስቦ የደረደረላቸው 22 ቆርቆሮ ኖሯል። በነጋታው ማራገፊያው ቦታ ሄደን ቆፈርን። አብዛኛውን የሎደሩ ጥርስ በስቶታል፣ እንደ ወረቀት ጨምድዶታል። ሰባቱ ብቻ ነበር የሚረባው። የቀረውን እድሩ ነው ገዝቶ የሰጣቸው። ያ ባዶ ቦታና የእማማ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ለዚህ ነው እንዲህ ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ።

እንግዲህ ወደ እናንተ። ከምንም በፊት ሽቦ። የወደቀ የመብራት ሽቦ ካለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቢጨልምም የሞተ ነው ብላችሁ እንዳትነኩት። ድንገት ሊለቁት ይችላሉ። ጄኔሬተር ያለው ቤትም ካለ ኤሌክትሪኩ በዚያው መስመር ሊመለስ ይችላል። መሬቱ እርጥብ ነው፣ ስለዚህ ከአሥር ሜትር ወዲህ ማንም እንዳይቀርብ ገመድ ወጥሩ፣ ልጆችን የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ሰው አቁሙ። ለመብራት አገልግሎት በ905 ደውላችሁ አስመዝግቡ። ሽቦ የተጠመጠመበት ዛፍ እነሱ ሳይመጡ አይቆረጥም። ቆርቆሮ አጥርም ሽቦው ከነካው ራሱ ኤሌክትሪክ ነው።

ቀጥሎ ዲቹ፣ የመንገድ ዳሩ የውሃ መውረጃ ቦይ። ይህን በደንብ አንብቢልኝ። ሰው ሲያጸዳ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ቅርንጫፉንና ጭቃውን ጎትቶ መንገድ ዳር መከመር ነው። መንገድ ዳር ደግሞ ዲች ነው ያለው። አንድ ጊዜ እንዲህ አድርገን፣ ሰፈሩ ጸዳ ብለን ተመራርቀን ተለያየን። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ተመለሰ። ውሃው መሄጃ አጣ። ነፋሱ ያልነካቸው የታች ቤቶች ገባ። አንድ አባወራ ሁለት ጆንያ ጀንፈል ቡና መሬት ላይ አስቀምጦ ነበር። ስንደርስ ጆንያው እስከ ወገቡ ርሷል። ጆንያውን ለሦስት አንስተን አልቻልነውም። ነፋሱ የተወውን ሰው እኛ ጎዳነው።

ስለዚህ ክምሩ ከዲቹ ቢያንስ ሁለት እርምጃ ይራቅ። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ክፍት ቦታ ያለው ሰው ግቢ ለምኑ። ዛሬውኑ አራት አምስት ወጣት አካፋ ይዞ ዲቹን ከታች ወደ ላይ ይክፈት። ከላይ ከጀመራችሁ የላዩ ቆሻሻ ወርዶ ታች ይደፍናል። የመሻገሪያ ቱቦዎችን አፍ በእጃችሁ ሳይሆን በረጅም እንጨት ፈትሹ። እና እባካችሁ፣ ወደ አዌቱ ወንዝ የሚወስድ ወራጅ ውሃ ውስጥ ምንም አትግፉ። ቅርንጫፍ ወንዝ ገብቶ አይጠፋም። ድልድይ ሥር ሄዶ ይሸጎራል፣ ከዚያ ውሃው ወደ ሰው ቤት ይወጣል።

ከዚያ መዝገብ። ከእድሩ ጽሕፈት የሚችል አንድ ሰው፣ ከወጣቱ ስልኩ ጥሩ የሚያነሳ አንድ ሰው ይመደብ። ምንም ነገር ከመነሳቱ በፊት ቤት ለቤት ይዙሩ። የባለቤቱ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስንት ቆርቆሮ እንደተገነጠለ፣ ስንቱ እንደተገኘ፣ የትኛው ግድግዳ እንደወደቀ። ፎቶው ከሩቅም ከቅርብም ይነሳ፣ ከሩቁ ቤቱ ይታወቅ። ተከራይና አከራይ ለየብቻ ይጻፍ፣ ጣሪያው የአንዱ፣ የረጠበው ፍራሽ የሌላው ነው። ሁለት ቅጂ አድርጉና አንዱን ለቀበሌ ስጡ፣ በሌላኛው ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርም። በቃል «ብዙ ቤት ፈርሷል» ከማለትና ስም ዝርዝር ከማስቀመጥ የትኛው ቶሎ እንደሚሰማ ብዙ ቢሮ ደጅ ጠንቼ አውቃለሁ። ደብዳቤው ላይ የምትጠይቁትን ለይታችሁ ጻፉ። «እርዳታ ይደረግልን» አትበሉ። «አንድ ሎደርና ሁለት ገልባጭ ለአንድ ቀን፣ ይህን ያህል ቆርቆሮ ለእነዚህ ቤቶች» በሉ።

ሲለይ እንዲህ ይሁን። ደህና ቆርቆሮ ባለቤቱ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ ድንጋይ ይጫንበት። ነፋስ ከተመለሰ የተፈታ ቆርቆሮ አንገት ይቆርጣል። ስሙን በቀለም ወይም በከሰል ይጻፍበት፣ ሎደር የሚነዳ ሰው ስም ያየበትን አያፍስም። የተጣመመውን አትጣሉት። በእንጨት መዶሻ ሜዳ ላይ ይቃናል፣ ባለ 35 ጌጁ ስስ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ። አጠናና ማገሩ ምስማሩ ወጥቶ ለብቻ ይከመር። ምስማሩን ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሰብስቡ፣ ሜዳ ላይ አይቅር። ነጠላ ጫማ አድርጎ ፍርስራሽ ላይ የሚወጣ ወጣት ካለ መልሱት። የዛገ ምስማር የወጋው ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠይቅ። የተሰበረ ጠርሙስ፣ ባትሪ፣ የቀለምና የመድኃኒት ዕቃ ለብቻው በጆንያ። እውነተኛው ቆሻሻ ይህና የተበላሸው ፕላስቲክ ነው፣ መኪናው በመጀመሪያ መውሰድ ያለበትም ይህን ነው። ፕላስቲክና ስፖንጅ ፍራሽ ሰፈር ውስጥ አታቃጥሉ።

ስለ ዛፉ፣ ምን ዓይነት ዛፍ እንደሆነ አልጻፍሽም። ባህር ዛፍ ከሆነ ለአጠናና ለማገዶ ይበቃል። ዋንዛ ከሆነ ግን ቶሎ መጋዝ አታንሱ። ግንዱ ሳይቆራረጥ ለአናጢ ይታይ። ጅማ ላይ ዋንዛ ወንበር የሚጠርብ ሰው አይጠፋም፣ በአንድ ሜትር ከቆራረጣችሁት ግን ማገዶ ብቻ ነው የሚሆነው። የመንገድ ዛፍ የከተማው ነው። ከቀበሌ ወረቀት ሳታገኙ እንዳትሸጡት፣ ኋላ ጭቅጭቅ ይሆናል። ተጭኖት እንደ ቀስት የተለጠጠ ቅርንጫፍ ካለ ልምድ የሌለው ሰው አይንካው፣ ሲቆረጥ ተስፈንጥሮ ይመታል።

ውሃ የገባበት ሽንት ቤት ካለ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ለጊዜው እንዳለ አትጠጡ። አፍሉት ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት።

መልሶ ሲከደን አንድ ነገር አደራ። ነፋስ ጣሪያን የሚያነሳው ከጠርዝ ጀምሮ ነው። ብዙ የተገነጠሉ ጣሪያዎች አይቻለሁ፣ ምስማሩ መሃል ላይ በርክቶ ጠርዝ ላይ ይሳሳል። በጠርዙ በኩል ምስማሩን አቀራርቡ። ከሁሉ በላይ ወራጁ ከግድግዳው ቋሚ ጋር በብረት ሽቦ ይታሰር። ጥቂት ሜትር ሽቦ ነው፣ ዋጋው ከአንድ ቆርቆሮ አይበልጥም። ምስማር ብቻ የያዘው ጣሪያ በነፋስ ተነቅሎ ይሄዳል፣ የታሰረው ግን ግድግዳውን ይዞ ይቆማል። ቆርቆሮ ከመንግሥት ወይም ከለጋሽ ቢመጣም ሽቦ አብሮ አይመጣም፣ ስለዚህ እድሩ ለሁሉም ቤት በጅምላ ይግዛ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ደግሞ ማን ይቅደም የሚለው ሁሌ ያጨቃጭቃል። የእኛ እድር ልማድ አራስ፣ ሕመምተኛና ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ያሉበት ቤት መጀመሪያ ነው። ይህን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሰው ፊት ተናገሩ፣ መዝገቡም ላይ ቁጥር ስጡት።

ቅዳሜ የምትወጡ ከሆነ ጻፊልኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ሁለት የእጅ መጋዝ፣ ሃያ ሜትር ገመድና የቆርቆሮ መቀስ አለኝ። ሎደሩ በዚያ ቀን ከመጣ ደግሞ ፊት ፊቱ የምሄደው እኔ ነኝ።