«ስቶል» ሁልጊዜ «ሰረቀ» ማለት አይደለም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ 12ኛ ክፍል ኢንግሊሽ አስተምራለሁ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪ አለ። ወላጁም፣ አለቃዬም፣ ተማሪውም ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የድሮ የኢንትራንስ ጥያቄ እንዳሠራ። እኔ ደግሞ ግጥም ማስተማር እወዳለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ግጥም ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አንድ ጎበዝ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ኢንትራንስ ላይ ይወጣል?» አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ሰሌዳውን አጥፍቼ ወደ ግራመር ተመለስኩ። ግጥሙን ልተወው ወይ?
አስተማሪዋ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትተዪው። ግን ልጁንም አትቀየሚው፤ የጠየቀው የሚያስፈራውን ነገር ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ታናሽ የነበረ ልጅ ታላቅ እህቱ ወይ ወንድሙ ውጤት አይቶ ቤት ሲገባ ምን እንደተፈጠረ አይቷል። ስለዚህ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንዲህ በዪው፦ «ግጥሙ ላይወጣ ይችላል፣ ግጥሙን ለመረዳት የምትሠራው ሥራ ግን በእያንዳንዱ ፓሴጅ ላይ ይወጣል።» ከዚያ አሳዪው። በወሬ ብቻ አያምንሽም።

እኔም ማስተማር ስጀምር ሦስት ወር ሙሉ የድሮ ጥያቄ ብቻ አሠራሁ። ልጆቹ ጎበዙ መሰለኝ። ጥያቄውን ገና አንብቤ ሳልጨርስ «ሲ ነው!» ይሉኛል። አንድ ቀን «ለምን ሲ ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ ቀስ ብላ «ባለፈው ሲ ነው ብለውናል» አለችኝ። የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ አይተውት የማያውቁትን አንድ አንቀጽ ይዤ ገባሁ፣ አብዛኞቹም ወደቁ። የሸመደዱት ፊደሉን ነበር፤ ማንበብ አላስተማርኳቸውም።

እስቲ የሪዲንጉን ጥያቄ ልብ ብለሽ እዪው። በሦስተኛው መስመር ላይ ያለው «ኢት» ምንን ይተካል? ይህ ቃል እዚህ ቦታ ላይ ምን ማለት ነው? ጸሐፊው በግልጽ ያላለው ግን ከጽሑፉ የምንረዳው ምንድን ነው? ጸሐፊው ስለ ጉዳዩ ምን ይሰማዋል? አራቱም ግጥም ስናነብ ራሳችንን የምንጠይቃቸው ናቸው። ግጥም ደግሞ አጭር ነው። መጽሐፍ ለማይዳረስበት ክፍል፣ ኮፒ ማባዣ ገንዘብ ለሌለው ትምህርት ቤት፣ 16 መስመር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ደብተር ላይ ይገለበጣል፣ በአንድ ፔሬድ ያልቃል።

16 መስመር ያልኩት በምክንያት ነው። የዊልያም ብሌክን «ኤ ፖይዘን ትሪ» ሞክሪው፣ የመርዝ ዛፍ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1794 የታተመ ነው፤ አብዛኛው ቃል ግን ልጆቹ የሚያውቁት ነው። አንድ ሰው በጓደኛው ተናደደ፣ ነገረው፣ ንዴቱ በረደለት። በጠላቱ ተናደደ፣ አልነገረውም፣ ንዴቱ አደገ። በእንባ አጠጣው፣ በፈገግታና በሽንገላ ፀሐይ አሞቀው፣ እስከሚያብረቀርቅ ፖም አፈራ። ጠላትየው ፖሙን አየ፣ የማን እንደሆነም ያውቃል። ሌሊት አትክልቱ ውስጥ ገባ። ጠዋት ባለቤቱ ሲመጣ ጠላቱ ዛፉ ሥር ተዘርግቶ አገኘውና ደስ አለው።

እዚህ ላይ ቁሚና ጠይቂያቸው። ጠላትየው ፖሙን በላ ወይ? ሁሉም «አዎ» ይላሉ። «የት መስመር ላይ ነው የተጻፈው?» በዪ። ይፈልጋሉ፣ አያገኙትም። በላ የሚል ቃል የለም፣ ሞተ የሚልም የለም። ታዲያ እንዴት አወቁ? ያን ጊዜ ራሳቸው ይነግሩሻል፤ መርዝ የሚለው ርእሱ ላይ አለ፣ ሌሊት ገብቷል፣ ጠዋት ተዘርግቷል። እንግዲህ ኢንፈረንስ የሚባለው ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ እኔ አላገኘሁም።

«ስቶል» የሚለውን ቃል ደግሞ ተመልከቺ። ሁሉም «ሰረቀ» ብለው ነው የሚያውቁት። ግጥሙ ውስጥ ግን ወደ አትክልቱ «ስቶል» ይላል፤ ተደብቆ፣ ኮቴውን አጥፍቶ ገባ ማለት ነው። ቃሉን የሸመደደ ልጅ እዚህ ይሳሳታል፣ ዓረፍተ ነገሩን ያነበበ ልጅ ያገኘዋል። «ሰን» ፀሐይ መሆኑን ያውቃሉ፤ እዚህ ግን ግስ ሆኖ ፀሐይ ማሞቅ ማለት ነው። ግራመር ከፈለግሽም አለልሽ። ታሪኩ ሁሉ በኃላፊ ጊዜ ይሄድና መጨረሻ ላይ «ግላድ አይ ሲ» ብሎ ወደ አሁን ጊዜ ይዞራል። ለምን? ይከራከሩበት። እኔ ሳስተምር አንድ ልጅ «ዛሬም ድረስ እያየው ነው፣ አልወጣለትም» አለኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ልጆቹ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንባቸውም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እየተባሉ ነው ያደጉት። ደግሞ ያለነው ጎጃም ነው! ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ የተዘረፈበት አገር ነው። ከተማሪዎችሽ መካከል አባቱ ወይ አያቱ ቅኔ ቤት የቆዩ አይጠፋም። እስቲ መጀመሪያ ይቺን የቆየች ግጥም በአማርኛ ጻፊላቸው፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ

ሰሙ የአዳም በደልና የመድኃኔ ዓለም ስቅለት ነው። ወርቁ የፍቅር ነው፤ ከንፈሯን የቀመሰ ሰው ልቡ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ኅብሩ፣ ማለትም ሁለቱን ትርጉም የተሸከመው ቃል፣ «ተሰቀለ» ነው። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይሽኮረመማሉ፣ ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም መሸከም እንደሚችል ገባቸው። ከዚያ በኋላ ብሌክ ዘንድ ሲደርሱ ዛፉ ዛፍ ብቻ እንዳልሆነ አንቺ መናገር አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ፈተናው ልመልስሽ፣ ምክንያቱም የልጆቹ ጭንቀት እውነት ነው። 60ውን በአምስት በአምስት ክፈያቸው፤ 12 ቡድን ይሆናሉ። እያንዳንዱ ቡድን በግጥሙ ላይ ሁለት የምርጫ ጥያቄ ያውጣ፣ አራት አራት ምርጫ ያለው። ከባዱ ነገር ትክክለኛውን መልስ መጻፍ አይደለም፤ ሦስቱን የተሳሳቱ ግን የሚያታልሉ ምርጫዎች መጻፍ ነው። «ስቶል» ለሚለው አንዱ ቡድን «ሰረቀ» ብሎ ማታለያ ሲያስቀምጥ ፈተና አውጪው እንዴት እንደሚያስብ ተማረ ማለት ነው። 24 ጥያቄ ተሰበሰበልሽ፣ ያለ አንድ ሳንቲም። በማግስቱ ቡድኖቹ ተለዋውጠው ይሥሩ፣ ለእያንዳንዱ መልስም መስመሩን በጣታቸው ያሳዩ። መስመሩን ያላሳየ መልስ፣ ትክክል ቢሆንም፣ ግማሽ ነጥብ ነው በያቸው። እኔ እንዲህ አደርግ ነበር። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ በኋላ ይለምዱታል።

ግጥም የማያስተምረው ነገርም አለ፣ እሱን ልደብቅሽ አልፈልግም። ፍጥነት አያስተምርም። ረጅም አንቀጽ ላይ ትዕግሥት አያስተምርም። ውይይት ማሟላትና የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን ቅደም ተከተል ማስያዝም የራሳቸው ልምምድ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ የድሮውን ጥያቄ አውጪ፣ ሰዓት ያዢ፣ ቀልድ የለም። ግጥሙ በሳምንት ሁለት ፔሬድ፣ ሌላው ለቀረው።

አለቃሽን በተመለከተ፣ ስለ ግጥም ውበት አትንገሪው። ልጆቹ ያወጧቸውን 24 ጥያቄዎች ይዘሽ ቢሮው ግቢና ከድሮው ፈተና ጎን አስቀምጪለት። የባዮሎጂውም የታሪኩም ፈተና የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑን አስታውሺው። ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ ባዮሎጂውን ቢያውቅም አይመልሰውም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ግጥሙን መጀመሪያ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው፣ ሁለት ጊዜ፣ ምንም ሳትተረጉሚ። ወደድኩት ያልሽውን ነገር መውደድሽን ይስሙት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ዘጌ ነው። በቀን 20 የእንግሊዝኛ ቃል ከዲክሽነሪ ከነአማርኛው እሸመድዳለሁ። ደብተሬ ሞልቷል። ፓሴጅ ሲመጣ ግን ቃሎቹን እያወቅኩ ሐሳቡ አይገባኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ጉልበትህ የሚደነቅ ነው፤ አካሄድህን ብቻ አስተካክል። ቃል ብቻውን አይኖርም። «ባንክ» የሚለውን ደብተርህ ላይ «ገንዘብ የሚቀመጥበት» ብለህ ጽፈህ ይሆናል። ባሕር ዳር መጥተህ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ብትቆም ግን የቆምክበት የወንዝ ዳርም በእንግሊዝኛ «ባንክ» ይባላል። የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ አጠገቡ ያለው ቃል ነው።

ስለዚህ 20ውን ወደ 5 አውርደው። አምስቱንም ካነበብከው ነገር ላይ ውሰድ፣ ከዲክሽነሪ ዝርዝር አትጀምር። ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ገልብጥ፣ ትርጉሙን መጀመሪያ ራስህ ገምት፣ ከዚያ ዲክሽነሪውን ክፈት። ግምትህ ስህተት ከሆነ አትሰርዘው፣ ጎኑ ላይ ለምን እንደተሳሳትክ ጻፍ። ከዚያ በዚያው ቃል ስለምታውቀው ነገር የራስህን ዓረፍተ ነገር ሥራ፤ ስለ ቡናችሁ፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ እናትህ። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ብቻ ይዞ አይቀርም፤ ገለል ብሎ ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፣ መጥቶም ለመምህሩ ይነግራል። አንተም እንደዚያ አድርግ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓረፍተ ነገሮች ጽፈህ ላክልኝ፣ አርሜ እመልስልሃለሁ።