ሞተሩን አታሙቁብኝ

የናፍጣ መኪና ጥገና ሙያን ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

ሹፌር ይመጣና «ጠዋት ጠዋት እግሬን ነዳጁ ላይ በአንድ ቦታ ሳጸና ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል፤ ሲሞቅ ይተወዋል» ይላችኋል። እናንተ ቁልፉን ተቀብላችሁ፣ መኪናውን አስነስታችሁ፣ ቦታ አስይዛችሁ እስክታቆሙት ድረስ ሞተሩ ሞቋል። ከዚያ በኋላ የምትመረምሩት ጤነኛ መኪና ነው። እኔም በጉብዝናዬ ወራት ስንቱን ሹፌር በሆዴ «አጋናኝ» ብዬዋለሁ፤ አጋናኙ ግን የእኔ ችኮላ ነበር።

እንዲህ ያለው ብልሽት የሚገኘው በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። መኪናው ጋራዥ ይደር። ጠዋት ማንም ሳይነካው እናንተው አስነሱት፤ ሹፌሩም አጠገባችሁ ይቀመጥ። ምን እንደምታዩ ማታውኑ ወስኑ፤ መሣሪያውንም አዘጋጁ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መፍቻ ፍለጋ የሮጠ ሰው ሲመለስ በሽታው ሄዷል።

መጀመሪያ የሚንዘፈዘፈው ሞተሩ ይሁን ከሞተሩ በኋላ ያለው ነገር ለዩ። መንቀጥቀጡ በደቂቃ 1500 ዙር ላይ ከመጣ፣ ማርሽ ለውጣችሁ ያንኑ 1500 በሌላ ፍጥነት ያዙት። መንቀጥቀጡ የሞተሩን ዙር ከተከተለ ወደ ሞተሩ ሂዱ፤ የመንገዱን ፍጥነት ከተከተለ ግን ትራስሚሲዮኑን (ከማርሹ ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ)፣ ክሮቸራውን (የዘንጉን መጋጠሚያ)፣ ጎማውን እዩ። ሌሊቱን የቆመ ጎማ መሬት የነካው ጎኑ ጠፍጠፍ ይላል፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ሞቆ ይስተካከላል። «ሲሞቅ ይተወዋል» ማለት ሁልጊዜ «ሞተሩ ሲሞቅ» ማለት አይደለም። ማርሹን በራሱ የሚቀይር መኪና ከሆነ ደግሞ ነዳጁን እንደረገጣችሁ የፍሬን ፔዳሉን በግራ እግራችሁ ነካ አድርጉት። ያን ጊዜ ሞተሩንና ማርሹን አጣብቆ የያዘው ክላች ይለቃል፤ መንቀጥቀጡ ወዲያው ካቆመ ጥፋተኛው እዚያ አለ።

ሞተሩ ከሆነ፣ ለምን እግር በአንድ ቦታ ሲጸና ብቻ? እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አስቡ። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው ታምቆ በጋለ አየር ነው። ብረቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ከዚያ ሙቀት ይሰርቃል። ነዳጅ አጥብቃችሁ ስትረግጡ ለየሲሊንደሩ የሚደርሰው ብዙ ስለሆነ ትንሽ ጉድለት ተውጣ ትቀራለች። እግራችሁን ለስለስ አድርጋችሁ ስታጸኑት ግን የሚረጨው ጠብታ ነው፤ ከጠብታ ላይ ጥቂት ከጎደለ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ እኩል አይገፋም፤ ሞተሩም ያነክሳል። ለዚህ ነው የተደፈነ ፊልትሮ (የነዳጅ ማጣሪያ) አብዛኛውን ጊዜ ዳገትና ጭነት ላይ የሚታወቀው፣ ነዳጅ ውስጥ የገባ አየር ግን ሜዳ ላይ በቀላል እግር ጊዜ የሚረብሸው።

ጭሱንም እዩ። ነጭ ሆኖ ዓይን የሚቆጠቁጥና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ጥቁር ከሆነ አየር አንሷል። ማሞቂያ ካንዴላዎቹን በኦም መለኪያ አንድ በአንድ ለኩ፤ ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ኦም በታች ያሳያል። በብዙ ሞተሮች ከተነሱ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ማሞቃቸውን ስለማያቆሙ፣ «ተነስቷል እኮ» ብላችሁ አትለፏቸው።

አሁን ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። እንዲህ የሚንዘፈዘፍ የጭነት መኪና መጣልኝና የነዳጅ ፖምፓውን አስፈትቼ አስመረመርኩ፤ ነዳጁን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮችም ቀየርኩ። መኪናው በሳምንቱ እንደዚያው እየተንዘፈዘፈ ተመለሰ። አንዱ ረዳቴ፣ ገና ልጅ፣ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ውስጡ የሚታይ ቱቦ አስገባ። በነጋታው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እግሬን አጸናሁ፤ በቱቦው ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ አረፋዎች ተራ ይዘው ያልፉ ጀመር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድም አልቀረም። የፊልትሮው ጎሚኒ (ማሸጊያ ጎማው) አርጅቶ ደርቆ ነበር፤ ሲሞቅ ለስልሶ ይገጥማል፣ ሲቀዘቅዝ አየር ያስገባል። ጠብታ ናፍጣ በውጭ አላየንም፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል ፖምፓው ይስባል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ ቱቦው ደረቅ ነው ብላችሁ ደኅና ነው አትበሉ። ለባለቤቱ የፖምፓውን ወጪ ከኪሴ መለስኩ፤ ቅር ያለኝ ግን ገንዘቡ ሳይሆን ከረዳቴ በፊት አለማሰቤ ነው።

አንድ ነገር ግን በቁጣ እነግራችኋለሁ። እኛ በድሮዎቹ ፖምፓዎች የኢንጀክተር ቱቦ ብሎን ተራ በተራ እያላላን ድምፁ ያልተለወጠውን ሲሊንደር እንይዝ ነበር። ኮመን ሬል፣ ማለትም ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለሁሉም ኢንጀክተር የሚያድል አንድ የጋራ ቧንቧ፣ ባለው ሞተር ላይ ይህን እንዳትሞክሩት! እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር በላይ ይወጣል፤ በአዲሶቹ 2000 ይደርሳል። የሚፈናጠረው ናፍጣ ጓንትና ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፤ እጅን ሊያስቆርጥ የሚችል አደጋ ስለሆነ ግን ያኔውኑ ሆስፒታል መሮጥ ነው። መፍሰሱንም በመዳፍ አትፈልጉ፣ ካርቶን አስጠጉ። በእነዚህ ሞተሮች ኮምፒውተሩ ለየሲሊንደሩ የሚያደርገውን የነዳጅ ማስተካከያ በብርዱ ሰዓት አንብቡ፤ ወይም እንደተነሳ ጭሱ ከየሲሊንደሩ የሚወጣበትን ብረት ሙቀት ሳይነካ ከርቀት በሚለካ መሣሪያ ለኩ። ጥፋተኛው ሲሊንደር ዘግይቶ የሚሞቀው ነው።

ያገኛችሁትን ከጠገናችሁ በኋላም በሞቀ ሞተር «ዳነ» ብላችሁ ቁልፉን አትመልሱ። አንድ ሌሊት ይደር፤ ጠዋት እናንተው አስነሱት።