የጅማው አፕል ለምን ቅጠል ብቻ ሆነ?

አንዲት የጅሬን እህታችን ፎቶ ልከው ጠይቀዋል። «አና የሚባለው ዝርያ ነው» ተብሎ የተገዛው አፕላቸው 4 ዓመቱ ነው። ቅጠሉ ክረምት ከበጋ አይረግፍም። ቅርንጫፉ ሽቅብ ይመዘዛል። አበባው ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ብቻ፣ ፍሬ የሚባል የለም። ጎረቤት ደግሞ «በሽታ ነው» ብሎ በሃይላንድ የተቀዳ መድኃኒት አምጥቶላቸዋል።

እህቴ፣ መድኃኒቱን ይተዉት። እንደኔ ግምት ዛፍዎ አልታመመም፤ እንቅልፍ አጥቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፕል በብርድ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። የሚነቃው ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ሰዓታት ሲጠራቀሙለት ነው። ብዙዎቹ የፈረንጅ አገር ዝርያዎች ወደ 1,000 ሰዓት ይፈልጋሉ። አና እስራኤል ውስጥ ለሞቃት ቦታ የወጣ ስለሆነ 300 ገደማ ይበቃዋል። በአፕሏ የምትታወቀው ጨንቻ ደጋ ናት፣ ብርድ አይቸግራትም። ጅማ ግን 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ሆና ይህንንም መሙላት ይከብዳታል። ስለዚህ ዛፉ በቅጡ አይተኛም፣ በቅጡም አይነቃም። የጫፉ እምቡጥ ይፈነዳል፣ የጎኑ እንደተዘጋ ይቀራል። መፍትሔው፣ ዛፉ ጥልቅ እንቅልፍ ሳይገባ ቅጠሉን በእጅ ማራገፍ ነው። እምቡጡን አፍኖ የያዘው ቅጠሉ ስለሆነ፣ እሱ ሲነሳ ያለ ብርድም ይነቃል። ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ላይ ያሉ ገበሬዎች በዚሁ ዘዴ በዓመት ሁለቴ ይለቅማሉ።

እርስዎ ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ይጀምሩ። ሁለት ሦስት ሳምንት ውሃ ይቀንሱ። ከዚያ ቅጠሉን በመቀስ ይቁረጡ፤ አይንጩት። ጭራው እንጨቱ ላይ ይቅር፣ በኋላ ራሱ ይወድቃል። ከጭራው ሥር ያለችው ወፈር ያለች ጸጉራም እምቡጥ የአበባ ናት፤ ሲነጩ እሷም ተልጣ ትመጣለች። ሲጨርሱ ጥሩ አድርገው ያጠጡ።

ያ ሽቅብ የወጣ ቀንበጥ ሁሉ የመጣው በፊት የገረዘው ሰው አናቱን በገጀራ ስለመታው ነው። ቆሞ የሚያድግ ቅርንጫፍ እንጨት እንጂ ፍሬ አያበዛም። ወደ ጎን አጋድመው በጨርቅ ቁራጭ ከካስማ ጋር ይሰሩት። በሽቦ አይሁን! ፎቶው ላይ ያለው ሽቦ ቅርፊቱ ውስጥ እየሰመጠ ነውና ዛሬውኑ ይፍቱት። ዩሪያም ይቁም፤ ቅጠል ነው የሚጨምርልዎ።

ደግሜ ልናገር፦ ያንን ሃይላንድ ልጆች ከሚደርሱበት ያርቁት። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚበጠበጥ የማይታወቅ መርዝ ነው። ልጅ ውሃ ነው ብሎ ይጠጣዋል። በምንም ምክንያት አይርጩት።

አና ለብቻው ፍሬ መያዝ ይቸግረዋል። አጠገቡ ዶርሴት ጎልደን የሚባለውን ሌላ የአፕል ዝርያ ይትከሉ፤ አብረው ያብባሉ። ችግኙን ሲገዙ የተዳቀለበትን፣ ማለትም ዝርያው ከሥሩ ግንድ ጋር የተጋጠመበትን እብጠት ይዩ። ርካሹ ችግኝ ላይ መጋጠሚያው የታሰረበት ላስቲክ ሳይፈታ ግንዱን አንቆ ያገኙታል፤ ከነርካሽነቱ ይተዉላቸው። ሲተክሉ እብጠቱ ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር ይቅር፣ ፍግም አይከምሩበት።