ብርዱ የሚይዘን ስንቆም ነው

ለብስክሌት ወዳጅ ወጣቶች፣

ሙያዬ ሕክምና ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰውን «ብርድ እንዳይመታህ» ስል ኖሬያለሁ። ታዲያ ውርጭ በጣለበት ማለዳ ብስክሌቴን ይዤ ስወጣ የሚያየኝ ሰው «ዶክተሩን ምን ነካው?» ቢል አልፈርድበትም። ግን በአመዳይ የነጣውን ሜዳ፣ ጎማ ሥር ቅጭቅጭ የሚለውን ሣር፣ ጺም ላይ የሚጋገረውን ትንፋሽ ላላየ ሰው ምን ብዬ ላስረዳ? አትውጡ አልላችሁም። ውጡ። ብቻ እኔን የገጠመኝን ስሙ።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር 80 ኪሎ ሜትር ልንነዳ ተነሳን። ያለኝን ልብስ ሁሉ ደራርቤያለሁ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ጉልበቴን ላሳየው ብዬ ጥዬው ከነፍኩ። አናቱ ላይ ስደርስ የውስጥ ልብሴ በላብ ርሷል። ጥጥ ነበር። እኔ ግን ሞቆኛል፣ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ከዚያ ሜዳው፤ ነፋስ የሚከልል አንድ ዛፍ እንኳ የለውም። እዚያ መሀል ጎማዬ ተነፈሰ።

ጎማ መቀየር ለእኔ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ያን ቀን ግን ጣቶቼ የእኔ አልነበሩም። የጎማው መንፊያ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ያዝኳት፤ በዓይኔ አያታለሁ፣ ጣቴ ግን አይሰማትም። በጥርሴ ልፈታት ጎንበስ አልኩ። ጓደኛዬ «ደህና ነህ?» አለኝ። «ደህና ነኝ» ስለው ምላሴ ተኮላተፈ። እሱ ሐኪም አይደለም። የጃኬቴን ዚፕ መዝጋት ሲያቅተኝ ግን ነገሩ ገባው። እርጥቡን አስወልቆ ትርፍ ሹራቡን አለበሰኝ። እጄን ብብቴ ሥር አስገባና ጎማውን ራሱ ቀየረው።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ምን እንደሚመጣ እኮ በቃሌ ነበር የማውቀው። መንቀጥቀጥ፣ የእጅ አልታዘዝ ማለት፣ የንግግር መኮላተፍ፣ የማመዛዘን መድከም። ችግሩ ይሄ የመጨረሻው ነው። ራሳችሁን የምትመረምሩበት አእምሮ ራሱ ነው የሚደክመው። መንቀጥቀጡ ሳትሞቁ ካቆመ ደግሞ ደህና ሆንኩ አትበሉ፤ ባሰ ማለት ነው። ብቻችሁን ርቃችሁ አትሂዱ የምለውም ለዚህ ነው።

ብስክሌት ላይ ነፋሱን የምትፈጥሩት እናንተ ናችሁ። አየሩ 0 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ ፊታችሁን የሚሰማው ከዜሮ በታች 6 ያህል ነው። እግራችሁ እስከሠራ ድረስ ይህን ሙቀቱ ይሸፍንላችኋል። ስትቆሙ ሙቀቱ ይቀራል፤ ላቡ ግን ከላያችሁ አይወርድም።

ስለዚህ ስትነሱ ትንሽ ይብረዳችሁ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ካላጉረመረማችሁ ልብሳችሁ በዝቷል። ዳገት ሳትጀምሩ ዚፑን ክፈቱ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝጉ። ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ሱፍ ይሁን፣ ጥጥ አይሁን። አንድ ደረቅ ልብስ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። ሲሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት፣ ሲመለሱ ከጀርባ ማድረግ ነው፤ በላብ ርሶ፣ ደክሞ፣ ነፋስ እየገፉ መመለስን ለማንም አልመኝም። ካልሲ መደራረብም ጥሩ የሚሆነው ጫማው ሰፊ ከሆነ ነው፤ ከጠበበ ደም ይከለክላል፣ ጣት ይብሱን ይቀዘቅዛል።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። ድልድይ ከላይም ከታችም ብርድ ስለሚያገኘው ቀድሞ በረዶ ይይዛል። እዚያ ላይ ፍሬን አትንኩ፣ መሪውንም አታዙሩ፤ ቀጥ ብላችሁ እለፉ። ስልካችሁን ወደ ገላችሁ አስጠጉት፤ ባትሪም ብርድ አይወድም።

ከዚያ ጓደኛዬ ጋር ዛሬም እንወጣለን። ሁለታችንም ሸምግለናል፣ ዳገት ላይ መፎካከሩ ቀርቷል። ስንቆም ግን «ደህና ነህ?» ብሎ አይጠይቀኝም። «እስቲ ዚፕህን ዝጋ» ይልና ጣቶቼን ያያል።