ሊንክ አድርጌ ቀኑ አልንቀሳቀስ አለ ላልከው ወንድም

«ኤምኤስ ፕሮጀክት ላይ ታስኮቹን በሙሉ ሊንክ አደረግኩ፤ አንዱን ሳዘገየው ግን ሌሎቹ ንቅንቅ አይሉም» ብለሃል። (ኤምኤስ ፕሮጀክት የሥራ መርሐ ግብር ማውጫ ሶፍትዌር ነው፤ ታስክ አንዱ ሥራ፣ ሊንክ ደግሞ አንዱን ሥራ ከሌላው የሚያያይዘው ነው።) እኔን ያስከፈለኝን አንተም እንዳትከፍል ልንገርህ።

1. «ታስክ ሞድ» የሚለውን ዓምድ እይ። የስፒል ምስል ካለ ማኑዋል ላይ ነህ፤ ቀኑን ሶፍትዌሩ ሳይሆን አንተ በእጅህ ነህ የምትቀይረው ማለት ነው። ከ2010ሩ እትም ወዲህ ሶፍትዌሩ አዲስ ታስክ የሚከፍተው በማኑዋል ነው። ቀስቱ ይታይሃል፣ ቀኑ ግን አይገፋም። ሁሉንም ምረጥና «አውቶ ስኬጁል» በለው፤ ያኔ ቀኑን ራሱ ያሰላል።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። የሕንፃ ሥራ ነበር። የአሠሪው ቢሮ ቦታውን 3 ሳምንት አዘግይቶ አስረከበን። መዘግየቱን ፋይሉ ላይ አስገባሁ፤ የማጠናቀቂያው ቀን እዚያው ቁጭ አለ። ቀኖቹ ሥር ቀይ ዚግዛግ መስመር ነበረ። የፊደል ስህተት መስሎኝ አለፍኩት! አትሜ ሰጠሁ። በኋላ ጊዜ ይራዘምልን ብለን ስንጠይቅ ያንኑ ወረቀት አወጡት። «ራሳችሁ አልዘገየንም ብላችኋል» አሉን። አለቃዬ ቀና ብሎ አላየኝም። የሚያናድደው ደግሞ ያንን ወረቀት ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መልሰውታል፤ ማኅተሙ ጠሟል ብለው እንጂ ቀኑን አንብበው አይደለም።

2. አውቶ ካደረግክ በኋላ የመጀመሪያ ቀን በእጅህ አትጻፍ። ከጻፍክ «ከዚህ ቀን በፊት አይጀመርም» የሚል ገደብ ይለጠፍበታል። ቀዳሚው ሥራ ቶሎ ቢያልቅም ያ ታስክ ቀደም ብሎ አይጀመርልህም። የሥራውን ርዝመትና ሊንኩን ብቻ ስጠው።

3. ሳመሪ ታስክን (ሌሎች ታስኮችን በሥሩ የያዘውን ርዕስ) ሊንክ አታድርግ። ከአራቱ የሊንክ ዓይነቶች ለጊዜው «ፊኒሽ ቱ ስታርት» (ቀዳሚው ሲያልቅ ቀጣዩ ይጀምራል) ይበቃሃል። «ስታርት ቱ ፊኒሽ»ን እኔ እስካሁን ተጠቅሜው አላውቅም።

4. ላግ፣ ማለትም በሁለት የተያያዙ ሥራዎች መሀል የሚጠበቅ ጊዜ። አርማታው ውኃ እየጠጣ 7 ቀን ይቆይ ብለህ 7 ብቻ ብትጽፍ የዕረፍት ቀኖቹን ይዘላቸዋል። አርማታ እሁድ አያርፍም። ከቁጥሩ ቀጥሎ ኢ እና ዲ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ጨምርበት፤ ያኔ በተከታታይ ይቆጥራል።

ሲያልቅ የመጀመሪያውን ታስክ በ10 ቀን አርዝመው። የመጨረሻው ቀን ካልተነቃነቀ ወይ የሆነ ቦታ ሊንኩ ተበጥሷል፣ ወይ በመሀል መዘግየቱን የሚውጥ ትርፍ ጊዜ አለ። እኔ ይህን ሳልሞክር አንድም ፋይል አልልክም። ያው የአሠሪው ቢሮ አሁን የሥራ መርሐ ግብሩን እኔ ራሴ መጥቼ እንዳስረዳ ነው የሚጠይቀው። ማኅተሙን ግን ዛሬም ያስመረምሩታል።